በእናት ጥርስ

ተረት ልንገራችሁ፤ «የመሠረት» ካላችሁኝ ጀመርኩ።

በአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ አይጥ ከምታድን እናቷ ጋር የምትኖር አንዲት ጠያቂ የድመት ልጅ ነበረች። አንድ እሑድ ቄሱ ሲሰብኩ «እግዚአብሔርን ፍሩት፣ ውደዱትም» ሲሉ ሰማች።

«እማዬ፣ የሚፈራ ነገር ይወደዳል እንዴ?»

እናቷ ግን የአንዲት አይጥ አንገት ነክሳ ይዛ ነበር። አጥንቱ ቀጭ ሲል ልጅቷ ደንግጣ ሣጥን ስር ገባች።

ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ፤ ጎርፉም በበሩ ስር ሾልኮ ሣጥኑ ጋ ደረሰ። እናቷ እየዘለለች መጣች።

«ነይ፣ አንገትሽን ስጪኝ።»

«በዚያው ጥርስ?»

«ሌላ ጥርስ የለኝም፣ ልጄ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ሰጠች። የጥርሱ ስለት ይሰማታል፣ ግን አልወጋትም። እናቷ አንጠልጥላት ውኃውን ስታቋርጥ ለመፈራገጥ አልደፈረችም፤ ለመውረድም አልፈለገች።

ጣሪያው ስር የተጠለለች አንዲት ወሬኛ ርግብ አየቻትና «ምነው ተንቀጠቀጥሽ? እናትሽን ፈራሻት እንዴ?» አለቻት።

«አዎ» አለች የድመቷ ልጅ፤ «ግን እንዳትለቀኝ ንገሪልኝ።»