ማዕዘን ላይ የምትደበዝዝ ሌንስ

አንድ ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለ አንድ እድር ፎቶ አንሺ ሊመርጥ ተሰበሰበ። እድሩ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ሊያከብር ነው። የሚመረጠው ሰው በዓሉን ብቻ ሳይሆን የዓመቱን የአባላት ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ሁሉ እንዲያነሳ ተወስኗል። ለፎቶ አንሺው ለደርበው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሞተር ሳይክሉን ሸጦ ነው ለካሜራው አንዲት ሌንስ የገዛው። ሥራውን ካላገኘ ሌንሷን መልሶ ሸጦ፣ በወንድሙ ወፍጮ ቤት ዱቄት ለብሶ ሊውል ነው።

ሌንሷንም በዘፈቀደ አልመረጣትም። የእኛ ሀገር ሰርግ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ያለው አምፖል አንድ ነው፤ እሱም የሚበራው ሲፈልግ ነው። ስለዚህ አፏን ወለል አድርጋ ብርሃን የምታስገባ፣ ፎቶ አንሺዎች «ሁለት ነጥብ ስምንት» የሚሏት ዓይነት ያስፈልገዋል። ደግሞም ዙም መሆን አለባት፤ ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ሲያጎነብሱ «አንዴ ቆዩኝ፣ ሌንስ ልቀይር» አይባልም። ስመ ጥሩው ፋብሪካ የሚሠራት ጥንድ በሬ ከነቀንበሩ ታስገዛለች። ደርበው ግን ብዙ ካልተወራለት ፋብሪካ የወጣች፣ ያንኑ ሥራ የምትሠራ፣ ዋጋዋ ግማሹን የማይሞላ ፈልጎ አገኘ። ጉድለት የላትም አይባልም፤ ጉድለት የሌለበት የማን ነገር አለ?

ችግሩ ጋሽ ክንፌ ናቸው፤ በመዝገብ ስማቸው አቶ ክንፈሚካኤል። ጋሽ ክንፌ የእድሩ የፎቶ አዋቂ ናቸው፤ ማን እንደሾማቸው ግን አይታወቅም። ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ሰባት ሌንስ ተቆልፎ ይኖራል። አዲስ ሌንስ በገዙ ቁጥር ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ይለጥፉና ጋዜጣውን ያነሳሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አተልቀው ፊደል በፊደል ሲመረምሩ ይከርማሉ። በሰባቱም ሌንስ አንድ ሰው አንስተው አያውቁም። የገዛ ልጃቸው ልደት ሲደርስ የሚያነሳው ጎረቤት ነው፣ በስልክ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት አዋቂ ሳይ ደሜ ይፈላል። እድርተኛው ግን ያከብራቸዋል፤ የማይገባንን ነገር ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ስናገኝ አዋቂ ነው ማለት ልማዳችን ነው።

ደርበው ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንድ ፎቶ ከፈተ። ባለፈው ጥር የእድሩ ዳኛ የአቶ ገብረየስ ልጅ ስትዳር ያነሳው ነው። ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ትስማለች፤ አባትየው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። አቶ ገብረየስ ፎቶውን ሲያዩ እንደገና እንባቸው መጣ።

«እኔ በበኩሌ ጨርሻለሁ» አሉ። «ከዚህ ወዲያ ምን ይታያል?»

«ማዕዘኑ!» አሉ ጋሽ ክንፌ፣ መነጽራቸውን እየሰኩ።

«የምን ማዕዘን?»

«የፎቶው ማዕዘን ነዋ! ዳኛችን፣ መሃል ላይማ የትኛውም ሌንስ ያሳያል። የሌንስ ጠባዩ የሚታወቀው ዳር ላይ ነው።» ወደ ደርበው ዞሩ። «ለመሆኑ የማን ሥራ ናት?»

ደርበው የፋብሪካውን ስም ነገራቸው።

«ሰማችሁ? ስሟን እንኳ ሰምቼው አላውቅም! ስንት አወጣህባት?»

«ሞተሬን ሸጬ ነው፣ ጋሼ።»

«ቤትህን ነበር መሸጥ።»

«ቤት የለኝም።»

«እንግዲያው ፎቶ አንሺነት ውስጥ ምን አገባህ?»

ደርበው ንዴቱን ዋጥ አደረገ። «ጋሼ፣ እኔ የምሠራው የዕለት ሥራ ነው። ጨለማ ውስጥ የሰው ፊት ካሳየችኝ፣ ሙሽራዋንም ሚዜዋንም ባለሁበት ቆሜ ካነሳችልኝ ይበቃኛል።»

«ይበቃኛል!» ብለው ሳቁ ጋሽ ክንፌ። «ይህችን ሀገር ወደ ኋላ ያስቀራት ይሄ ‹ይበቃኛል› ነው!»

ይህን ብለው ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳቡና የፎቶውን የግራ ማዕዘን እያተለቁ፣ እያተለቁ ሄዱ። ሙሽራዋ ቀድማ ጠፋች፤ አባትየውም ጠፉ። በመጨረሻ የቀረው ከመጠጥ ጠረጴዛው አጠገብ ጎንበስ ያለ አንድ የደበዘዘ ሰውዬ ነው።

ደርበው ሰውዬውን ሲያይ ክው አለ። «ጋሼ፣ ማዕዘኑን እንኳ ይተዉት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ፈራ! አያችሁ፣ ፈራ!»

የእድሩ ጸሐፊ ወይዘሮ ትርፌ አንገታቸውን አስግገው አዩ። «አንድ ሰውዬ ኮቱ ውስጥ የሆነ ነገር የሚከት ይመስላል» አሉ።

«ይመስላል! ፎቶ ‹ይመስላል› አይባልም፣ እመቤት፤ ‹ነው› ነው የሚባለው! አፍንጫው የታለ? ጆሮው የታለ? ይሄ ሰው ነው ወይስ የድንኳን ምሰሶ?»

«ሰው ነው፣ ጋሼ» አለ ደርበው።

«ማን?»

ደርበው ዝም አይነቅዝም ብሎ መሬት መሬት ያያል።

ጋሽ ክንፌ ከወንበራቸው ተነሱ። «እድርተኞች! ከመካከላችሁ አንድ ሰው ይህን ሰውዬ ከለየው ነገሬን አነሳለሁ። ካልተለየ ግን ይሄ ልጅ በዓላችንን አያነሳም። ይመዝገብልኝ!»

ሰው ሁሉ በተራ እየተጠጋ አየ። አንዱ ቀረብ፣ አንዱ ራቅ ብሎ ሞከረ፤ የለየው ግን የለም። አቶ ገብረየስ ልጃቸውን ሲድሩ ባለቀሱበት ፎቶ ደርበውን ሊያሰናብቱት መሆኑ ከንክኗቸው አቀረቀሩ፤ ግን አዋቂ ከተናገረ ምን ይደረጋል? ወይዘሮ ትርፌ ብዕራቸውን አነሱ። የደርበው ሥራ ሊሰረዝ የአንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ቀረው።

ጋሽ ክንፌ ድል በድል ሆነዋል። ጣታቸውን ደብዛዛው ሰውዬ ላይ ቀስረው፣ «እንኳን እናንተ፣ የወለደችው እናቱ አትለየውም!» አሉ። «ምን እናቱ! ራሱ ሰውዬው እዚህ መጥቶ ቢያየው ራሱን አይለይም!»

ደርበው ቀና አለ።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አለ። «ይኸው ቆመው እያዩት ራስዎን አልለዩም።»

አቶ ገብረየስ ከላፕቶፑ ወደ ጋሽ ክንፌ ኮት፣ ከኮቱ ወደ ላፕቶፑ አዩ፤ ኮቱ ያው ነው። ወይዘሮ ትርፌም አዩ። ከዚያ ሁሉም አየ።

«ያን ቀን ከሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ የጠፋው ውስኪ…» አሉ ዳኛው ቃሉን እየጎተቱ። «እነዚያን ምስኪን አስተናጋጆች ያስፈተሽኩበት…»

«ይሄ… ይሄ ምን ማስረጃ ይሆናል!» አሉ ጋሽ ክንፌ። «ደብዛዛ ነው እኮ! እኔ መሆኔ በምን ይታወቃል?»

«በዚህኛው አይታወቅም» አለ ደርበው በትሕትና። «ቀጥሎ ግን ወደ መሃል መጥተዋል፣ ከነጠርሙሱ። መሃል ላይ ሌንሷ ደህና ናት። ልክፈተው?»

ጋሽ ክንፌ ቀስ ብለው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፤ ኪሳቸው ከተቱት።

«ምን ያደርጋል» አሉ። «ለዕለት ሥራ ትበቃለች።»

ወይዘሮ ትርፌም በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ቃለ ጉባኤውን እንዲህ ብለው ዘጉት፦ «የፎቶ ማዕዘን ጥራት ለአባላት ሰላም የማይበጅ ሆኖ ስለተገኘ፣ ደርበው ከነሌንሱ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል። ሐሳቡን ያቀረቡት አቶ ክንፈሚካኤል ናቸው።»