ቀፎዋ ሳትበሳ

«ትኩሳት እንኳ የላትም፤ ይቺን ታህል ገላ ለምን ትወጉብኛላችሁ?» ስትል አንዲት እናት አዛውንቱን ሐኪም ጠየቀቻቸው። ሕፃኗ ጭንቅላቷ ውስጥ ውሃ ስለተጠራቀመ፣ ዛሬ ውሃውን የሚያፈስ ቀጭን ቱቦ ሊገባላት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የመድኃኒት መርፌ ታዞላታል። ሐኪሙ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

አንድ ሰው ነበረ አሉ፤ ሀብቱ ሁሉ አንዲት የንብ ቀፎ። እንደ ልጅ ነበር የሚወዳት። ጠዋት ሳያያት ቁርስ አይቀምስም፤ ሚስቱ «እኔንስ እንዲህ ደህና አደርሽ ወይ ብለኸኝ ታውቃለህ?» እያለች ትቀልድበታለች። አንድ ክረምት ዝናብ ገባባትና ቀፎዋ ከታች ውሃ አቆረች። ንቦቹ ይታፈኑ ጀመር። ሰውየውም ከሥሯ በስቶ፣ ቀጭን መቃ ሰክቶ ውሃውን ሊያንጠባጥብላቸው ወሰነ።

በንብ ሥራ ያረጁ አንዲት ጎረቤቱ በእጁ የያዘውን ወስፌ አዩና «አንተ ልጅ፣ ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ከቆመችበት እንጨት ሥር አመድ ነስንስ። ውሃው በሚወጣበት ጉንዳን ይገባብሃል» አሉት።

«የታለ ጉንዳኑ፣ እማማ? ሲመጣ እነሰንሳለሁ።»

በሳት። ውሃው ጠብ ጠብ አለ፤ ንቦቹም ሲያንሰራሩ አይቶ በደስታ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን ግን ጉንዳኑ በመቃው ዘልቆ ገብቷል። ሰውየው አመድ በሁለት እጁ ዘግኖ ሮጠ። ግን የት ይበትነው? ጉንዳኑ ከንቦቹና ከእጫቸው ጋር ተደባልቋል፤ አመዱን ቢደፋባቸው የሚታፈኑት የራሱ ንቦች ናቸው። አመዱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ሁሉ ንብ የተረፈው ጥቂት ነበር።

ሐኪሙ ወደ እናትየዋ ዞሩ።

«ቀፎዋ የልጅሽ ራስ ናት፣ የኔ ልጅ። መቃው ቱቦው ነው፤ ጉንዳኑ ደግሞ ዓይን የማያየው ጀርም። ጭንቅላት ውስጥ አንዴ ከገባ ማስወጣቱ ጭንቅ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ቆዳዋ ከመከፈቱ ጥቂት ቀደም ብለን እንሰጣታለን። ታማ አይደለም፤ እንዳትታመምብን ነው።»

«ታዲያ ጭራሽ አይገባም?»

«እሱን አልምልልሽም። እጃችንን እንታጠባለን፣ ቱቦውንም ዓይናችንን ሳንነቅል እንጠብቃለን። እኔ የምምልልሽ አመድ ይዤ ዘግይቼ እንደማልመጣ ነው።»

እናትየዋ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችና የትንሿን ክንድ ገለጠችላቸው።

«በሉ እንግዲህ» አለች፤ «እኔ እይዛታለሁ።»