በአዛን የተመለሰው ማንጎ

በቆላ ዳር ባለች አንዲት ጥንታዊ የግንብ ከተማ ሼህ ሱሩር የሚባሉ አዛውንት ማንጎ ያለሙ ነበር። ማንጎው ጣፋጭ ቢሆንም የፍራፍሬ ዝንብ ከልጣጩ ሥር እንቁላሏን ትጥልበታለች። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ውስጡ ግን ትል ይፈለፈላል።

ሼህ ሱሩር መፍትሔውን ያውቁ ነበር። ፍሬውን በሰፊ የመዳብ ድስት፣ በሙቅ ውሃ ይነክሩታል። የፈላ አላልኩም፤ የፈላ ውሃ ይቀቅለዋል። እጅ ነክረው ቢስሚላህ እስኪሉ ብቻ የሚታገሡት ሙቀት ነው። ጊዜውን የሚለኩት የቁርኣንን ረጅሙን ምዕራፍ፣ ሱረቱል በቀራን፣ በተርቲል፣ ማለትም ረጋ ብለው፣ እስከ መጨረሻው በመቅራት ነበር። ሲጨርሱ የዙሁር አዛን፣ የቀትር ሶላት ጥሪ፣ ይሰማል፤ ትሉም ሞቷል።

አንድ ቀን አብዱልዋሲዕ የተባለ ነጋዴ አምስት፣ ይቅርታ፣ ስድስት ግመሎች ይዞ መጣ። ማንጎውን የሚወስደው ይህች ዝንብ ወደማትታወቅበት አገር ነው።

«ሼኻችን፣ ፀሐይ ሳትከር ልሂድ እንጂ! ግመሎቼ ሱራ አይቆጥሩም» እያለ ያጣድፋቸው ጀመር። ሼህ ሱሩር ሳያስተውሉት ምላሳቸው ፈጠነ። ማንጎው ወጣ፣ ተጫነ። ግመሎቹ የከተማዋ በር ሲደርሱ አዛን ተሰማ።

ሊሸኙት እስከ በሩ የወጡት ሼህ ደነገጡ። «አውርድ፣ ልጄ። ዛሬ ሮጬ ነው የቀራሁት፤ ትሉ ሳይሞት ቀርቶ ይሆናል።»

«እንደገና ከተነከረ እኮ ግማሹ ይለሰልሳል፤ መንገድ አይችልም! የዓመት ልፋትዎ ነው። እኔ እንዳለ እወስደዋለሁ።» አብዱልዋሲዕ አንዱን ማንጎ በካራ ሰነጠቀው። ትል አልነበረበትም። «አልሐምዱሊላህ! ይኸው፣ ንጹሕ ነው።»

«እሱ ፍሬ ስለ ራሱ መሰከረ። ለሌሎቹ የምመሰክረው ግን እኔ ነኝ።»

ሰግደው እሳቱን ዳግም አነደዱ፤ ከሱራው መክፈቻ፣ ከአሊፍ ላም ሚም፣ ጀምረው ረጋ ብለው እስከ መጨረሻው ቀሩት። ነጋዴው እንዳለው ግማሽ ያህሉ ለሰለሰ፤ እሱን ለከተማው ሰው አደሉት። የቀረው ተጫነ።

«አይቆጭዎትም?» አለ አብዱልዋሲዕ ሲሰናበት።

«ለግመሎችህ የቀራሁትን ለአላህ ደገምኩት» አሉት።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግር «ሼሁ ነጋዴውን አላታለሉም» እል ነበር። ስህተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ነጋዴው እውነቱን ሰምቶ ፈቅዶ ነበርና። ያልተጠየቁት፣ ዝንቧ በማትታወቅበት በዚያ አገር ማንጎ የተከሉ፣ ትሉ ቢደርስ ዝንብ ሆኖ ፍሬያቸውን የሚያበላሽባቸው፣ ሼሁ በስም እንኳ የማያውቋቸው ሰዎች ናቸው። አማና፣ ማለትም አደራ፣ እነሱንም ይጨምራል። ሼህ ሱሩር ወደ ድስቱ የተመለሱት ለእነሱ ነው።