ግድግዳውን የሚያይ ሹፌር

አንድ ሰው ነበር፤ ሹፌር ነው፤ አዳማ ነው የሚኖረው። ደረሰ እንበለው። አንድ ቀን ሚስቱን አስካለን አጠገቡ አስቀምጦ ወደ አሰላ ሲወጣ፣ ኩርባ ላይ መኪናው አመለጠውና መንገድ ዳር ከቆመ ግራር ጋር ተላተሙ። እሱ ምንም አልሆነም። እሷ እግሯ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ ታነክሳለች።

እሷ ይቅር አለችው፤ ያውም ገና ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና። እሱ ግን ራሱን ይቅር አላለም። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም።

የአስካለ እናት አሰላ ናቸው፤ እየደከሙ ሄደዋል። «በአውቶቡስ ሂጂና እያቸው» ሲላት እምቢ ትላለች። «ከሌላ ሹፌር ጋር አንዴ ከሄድኩ አንተ እዚሁ ቤት ትቀራለህ። አንተ ስትነዳ እሄዳለሁ» ትለዋለች። ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለች ሚስት ስንቶቻችን አለችን? አትተያዩ፣ እኔን ስሙኝ።

ወንድሟ ፍቅሬ ታዲያ ምን አደረገ? ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መሪና እግር ስር የሚቀመጥ ፔዳል ይዞ መጣ። የመኪና ውድድር ጌም ነው፤ መሪው እንደ እውነተኛ መኪና እጅ ላይ ይከብዳል፣ አንድ ዙር ስትጨርሱ ስክሪኑ የፈጀባችሁን ሰዓት ይነግራችኋል። አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ዛሬ ደግሞ በጌም ሊሰብከን ነው» እያላችሁ ነው። አዎ፣ በጌም ልሰብካችሁ ነው።

ደረሰ መጀመሪያ መሪውን በጣቱ ጫፍ ብቻ ነካው። ከዚያ ለመደው። ከዚያማ ጭራሽ ሰዓቱን ካላሻሻልኩ አለ። ፍቅሬ አጠገቡ ሆኖ ያሳየዋል፤ «ጋሼ፣ ፍሬኑን መኪናው ቀጥ እንዳለ ቀደም ብለህ ያዝ። መሪውን ስታዞር ቀስ እያልክ ልቀቀው። ነዳጅ የምትሰጠው የኩርባው መውጫ ሲታይህ ነው።»

ሰዓቱ ተሻሻለ። አንድ ኩርባ ግን እምቢ አለው። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ዳሩ ላይ የሲሚንቶ ግድግዳ ያለበት ኩርባ ነው። እዚያ ሲደርስ ይጋጫል። ዝግ ብሎ ይመጣል፣ ይጋጫል። እንደገና ይሞክራል፣ ይጋጫል። በመጨረሻ መሪውን ለቀቀና ወደ አስካለ ዞሮ «አየሽ አይደል? በጨዋታ እንኳ አልቻልኩም። እናትሽን በሌላ ሰው ሄደሽ እያቸው» አላት።

አስካለ መንዳት አታውቅም። ግን ሁለቱ ወንዶች ስክሪኑን ሲያዩ እሷ የባሏን ፊት ነበር የምታየው።

«እዚያች ጋ ስትደርስ የት ነው የምታየው?» አለችው።

«ግድግዳውን ነዋ።»

«ለምን?»

«እንዳልመታው።»

«በል እንደገና ጀምር» አለችና እያነከሰች ተጠጋች። ኩርባው ሲመጣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ መንገዱ ታጥፎ የሚወጣበት ቦታ ላይ አደረገች። «ይቺን እይ። ግድግዳውን ለእኔ ተወው።»

አያችሁ፣ የሚነዳ ሰው እጁ የሚሄደው ዓይኑ ወዳለበት ነው። ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ደረሰም ያውቀው ነበር፤ ፍርሃት አስረሳው። ጣቷን ተከትሎ አለፈ። ፍቅሬ «ጋሼ፣ ሰዓትህን እየው» ይላል። ደረሰ ግን ሰዓቱን አላየም፤ እያለቀሰ ነበር።

ከዚያ አንድ እሑድ መኪና ተውሶ አስካለን አጠገቡ አስቀመጠና ወደ አሰላ ወጣ። ግራሩ ጋ ሲቃረቡ ትከሻው ተወጠረ፤ ዓይኑ ወደ ዛፉ ሄደ። አስካለ «ተጠንቀቅ» አላለችውም። እጇን አንስታ ከግራሩ ባሻገር ያለውን መንገድ አሳየችው። አለፉ።

እናቷ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። «ማን አመጣሽ ልጄ?» አሏት።

«ባሌ» አለቻቸው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ የትኛውን ግድግዳ ስታዩ ነው የከረማችሁት? ያንን መጠጥ? ለእናታችሁ የተናገራችሁትን ያንን ክፉ ቃል? ያፈረሳችሁትን ትዳር? «ዳግመኛ እንዳልወድቅበት ነው የማየው» ትላላችሁ። እያያችሁት እኮ ነው የምትሄዱበት። ግድግዳው የለም አላልኳችሁም፤ አለ። ግራሩም እዚያው ቆሟል፣ የአስካለም እግር አልተቃናም። እግዚአብሔር ግን መውጫ በሌለው ኩርባ ላይ አላስቀመጣችሁም።

ደግሞ እናንተ፣ እንደ አስካለ ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ። ባላችሁ፣ እህታችሁ፣ ከእስር የተፈታው ጎረቤታችሁ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ተተክሎ ስታገኙት ምን ትሉታላችሁ? «ያደረግከውን እንዳትረሳ» ነው የምትሉት? አልረሳውም እኮ፤ ያቃተው መርሳት ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ስለ ግድግዳው አንድም ነገር አትንገሩት። እጃችሁን አንሱና መንገዱን አሳዩት።