ለሁለተኛው አልበም የተለመነ ኩርፊያ

አንድ ዘፋኝ ነበር፤ ኪሩቤል የሚባል። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የሮክ ባንድ አቋቁመው፣ ያው ጊታሩ እንደ ተናደደ ሰው የሚጮህበትን ማለቴ ነው፣ ያለ አሳታሚ በራሳቸው አንድ አልበም አወጡ። አሥሩም ዘፈን «ጥላኝ ሄደች» ነበር። ያኔ እውነትም አንዷ ጥላው ሄዳ ነበርና አገር አብሮት አለቀሰ።

ከዚያ ስምረትን አገባ፤ ሳቂታ ልጅ ናት። ጉንጩ ሞላ፣ ግጥም ግን እምቢ አለው። ከበሮ መቺው «እስከ ፋሲካ ሁለተኛው አልበም ካልተጀመረ እኔ የለሁበትም» ሲለው ጨነቀው።

አንድ ማለዳ ሚስቱን «ስምርዬ፣ እባክሽ ጥለሽኝ ሂጂ» አላት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ለሁለት ወር ብቻ፣ አልበሙ እስኪያልቅ።»

ትክ ብላ አየችውና ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ቤት ገባች።

እሱ ጊታሩን አቅፎ ሐዘኑን ሲጠብቅ በሩ ተንኳኳ። ስምረትና ሦስት ሽማግሎች! ሚስት ኮርፋ ሄዳ ሽማግሌ ዝም ይላል እንዴ?

«መታሃት?» አሉ ጋሽ ተረፈ፣ ትልቁ ሽማግሌ።

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ ምን በደለችህ?»

«ደስ አሰኘችኝ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ተረፈ መነጽራቸውን አወለቁ። «በአርባ ዓመት ሽምግልናዬ እንዲህ ያለ ክስ ሰምቼ አላውቅም። አንቺስ ልጄ?»

«ቲማቲም ሲከትፍ ይዘፍናል። ሸሚዝ ሲተኩስ ለሸሚዙ ይዘፍንለታል። ስስቅበት ዜማውን ረስቶ አብሮኝ ይስቃል። ያን ሁሉ ዘፈን እየበተነ፣ ዘፈን አጣሁ ብሎ እኔን አስወጣኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እናቴ ደጃፍ ስደርስ ግን አለቀስኩ።»

ኪሩቤል አንገቱን ደፋ። ለካ የፈለገው ሐዘን የደረሰው ለእሷ ነው።

«ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ» ተባለ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ድንጋይ ከየት ይምጣ? የጊታሩን ድምፅ ማጉያ አሸከሙት። ከነሽቦው እግሯ ሥር ሲንበረከክ፣ ስምረት «ተዉት፣ ወገቡ ይቆረጣል!» ብላ ሳቀች። እሱም ከሥር ሆኖ ሳቋን እየሰማ ማንጎራጎር ጀመረ። «መጀመሪያ ይቅርታውን ጨርስ!» ብለው ጋሽ ተረፈ ተቆጡ።

አልበሙ ከፋሲካ በፊት ተጀምሮ ለቡሄ ወጣ። «የድሮው ለቅሶ ይሻል ነበር» ያለም አልጠፋ። የዘፋኙ ቤት ግን ሙሉ ነበር።

ልጆቼ፣ ሰው ቁስሉን ብቻ ሀብቴ ያለ እንደሆነ፣ የዳነ ቀን የከሰረ ይመስለዋል። ደስታም የራሱ ዜማ አለው፤ ቀስ ስለሚል ጆሮ መስጠት ይፈልጋል እንጂ። እናንተስ፣ ትናንት ያስለቀሳችሁን ፍለጋ፣ ዛሬ የሚያስቃችሁን ሰው ከቤት አስወጥታችሁ ይሆን?