የሰንጢ ሠሪው ዋስ

ጥቂት ደንበኛና ብዙ ቀጠሮ ያለው አንድ ሰንጢ ሠሪ ነበር። ፊታውራሪ ወንድይራድ ሰንጢ ቢያዙት፣ በመጀመሪያው ዓመት የሠራላቸው ተከፍቶ አልታጠፍ አለ። በሁለተኛው ዓመት የሠራው ደግሞ ታጥፎ አልከፈት አለ። በሦስተኛው ዓመት «ለፋሲካ አደርሳለሁ» ሲል ከርሞ ፋሲካም አለፈ።

በዚህ ጊዜ ፊታውራሪው በሸንጎ አቆሙት።

«አንተ ሰው፣ ለመስቀል እንደምታደርስልኝ ዋስ ጥራ! ዋስ ካጣህ ወናፍህን ወስጄ እሳትህን አጠፋዋለሁ» አሉት።

ሰንጢ ሠሪው ያለ ወናፍ ልጆቹ ጦማቸውን እንደሚያድሩ ያውቃል። ዞር ብሎ ሸንጎውን ቢያይ ጎረቤቱ አንገቱን ደፋ፤ አማቹን ሳል ያዘው። ጥቂት አሰበና እጅ ነሥቶ፣

«እንግዲያው ዋሴ እርስዎ ይሁኑልኝ፣ ጌታዬ» አለ።

«ምን አልክ? ከሳሹም እኔ፣ ዋሱም እኔ?»

«ምን ላድርግ ጌታዬ! በዚህ አገር ሦስት ዓመት ሙሉ አምኖ የጠበቀኝ ሰው ከእርስዎ በቀር የለም። እኔ እንኳ በራሴ ተስፋ የቆረጥሁት የመጀመሪያው አልታጠፍ ያለ ዕለት ነው።»

ፊታውራሪው ሳቃቸው አመለጣቸውና ዋስ ሆኑ።