የቦቃ ግልገል ለምን ቀለለ?

ወሬ አላበዛም። ይቺ ተረት ግን ራሷ ትበዛለች፤ ታገሷት።

ባለቤቴ እታገኝ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትዳር ከአባቷ ቤት አንዲት ግንባረ ቦቃ ፍየል ነድታ መጣች። ስሟ ቦቃ ነው፤ እታገኝ ግን ማታ በረት ስታስገባት «ግቢ፣ ያባቴ ቤት» ትላታለች። ቦቃ አረጀች። በመጨረሻም ወንድና ሴት መንታ ወለደች። እታገኝ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ወንዱ ሳይኮላሽ የመንደሩ አውራ እንዲሆን፣ የቦቃ ዘር እንዲበዛ።

በመንደራችን አውራ የሚሆነው እኩል ዕድሜ ላይ ሲመዘን የከበደው ነው። ሌላው ይኮላሻል። የጎረቤታችን የአያ ፍስሐ ወጠጤ ከበደ። የእኛ ቀለለ።

«ይሄ ፍየል ነው ጥንቸል?» አለ አያ ፍስሐ።

«ሕግ ሕግ ነው። ይኮላሽ» አልኩ።

እታገኝ ግልገሉን አቅፋ ሚዛኑን ጠየቀችው።

«አንተ ሚዛን፣ ለምን አልሞላህም?»

«እኔ ምን ላድርግ? ግልገሉ አላደገ።»

«አንተ ግልገል፣ ሚዛኑ አልሞላ፤ አንተም አላደግህ። ለምን?»

«እኔ ምን ላድርግ? ወተቱን ከእህቴ ጋር ተካፈልኩ፤ አልበቃን።»

ወደ ቦቃ ሄደች።

«ቦቃ፣ ሚዛኑ አልሞላ፤ ግልገሉ አላደገ፤ ወተቱ አልበቃ። ለምን?»

«እኔ ምን ላድርግ? ግራሩ ቅጠል ነፈገኝ።»

ወደ ግራሩ ሄደች።

«ግራር፣ ሚዛኑ አልሞላ፤ ግልገሉ አላደገ፤ ወተቱ አልበቃ፤ ቅጠሉ ጠፋ። ለምን?»

«እኔ ምን ላድርግ? ዝናቡ ቀረብኝ።»

ቀና አለች።

«ዝናብ፣ ሚዛኑ አልሞላ፤ ግልገሉ አላደገ፤ ወተቱ አልበቃ፤ ቅጠሉ ጠፋ፤ አንተም ቀረህ። ለምን?»

ዝናብ ዝም አለ።

ፍየሎቹን የምትመዝነው ባለሙያ ውድነሽ ይህን ሰምታ ሳቀች።

«እትዬ፣ እሱ ካልመለሰ እኔ ልመልስልዎት» አለችና ወደ አያ ፍስሐ ዞረች። «የእርስዎ ወጠጤ መቼ ተወለደ?»

«በጥጋቡ ጊዜ።»

«መንታ ነው?»

«ኧረ ለብቻው ነው!»

«እንግዲያማ ከእሱ ጋር አይወዳደርም። በድርቁ የተወለዱ መንታዎችን አምጡልኝ። የዚህን ግልገል የአባቱን ልጆችም ከየቤቱ ከእኩዮቻቸው ጋር አምጡልኝ።»

መጡ። የድርቁ መንታዎች ሁሉ ከቦቃ ልጅ ቀለሉ። የአባቱ ልጆች ደግሞ ከየቤታቸው እኩዮች ከበዱ።

«ይኸው፣ ማደግ በደሙ አለ» አለች ውድነሽ።

ያን ጊዜ በውድነሽ ስሌት ዝናቡ ያጎደለውን መለሰ፤ ግራሩ የነፈገውን መለሰ፤ ቦቃ ያነሳትን መለሰች፤ እህቱ የጠባችውን መለሰች፤ ግልገሉ አደገ፤ ሚዛኑ ሞላ።

«አይኮላሽ» አልኩ።

«ጥንቸሉ አውራ ሆነብን!» አለ አያ ፍስሐ።

እታገኝ ግልገሉን ግንባሩ ላይ ሳመችው።

ዛሬ እሷ የለችም። ግንባረ ቦቃ ፍየል ግን የሌለበት ቤት የለም። ፍየሎቼ ሲገቡ የበረቱን በር ይዤ እቆማለሁ። አንዷ ግንባረ ቦቃ ባለፈች ቁጥር «ግቢ፣ ያባቴ ቤት» እላለሁ። የእኔ አባት ቤት አይደለም። ግን እላለሁ።

ተረቴም ገባች፤ በሩን ዝጉ።